ጉምሩክ ያላየችው ብርጭቆ

«እስቲ ይሄን ክር አስገቢልኝ፤ ዓይኔ ዛሬም እምቢ ብሏል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል መርፌውን ወደ ልጇ እየዘረጋች።

ልጅቷ የክሩን ጫፍ በጣቶቿ አሹላ ወደ ቀዳዳው አስጠጋችና ሳተችው። እንደገና ሞከረች፤ ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሞከረች። አሁንም አልሆነም። እናትየው የዩኒፎርም እጅጌ እየገጠመች ስለነበር ቀና ያለችው ዘግይታ ነው። ቀና ስትል የልጇ እጅ ይንቀጠቀጣል። ግንባሯም በላብ ርሶ ፀጉሯ ተለጣጥፎበታል፤ ክፍሉ ግን እንኳን ሊያልብ ሹራብ የሚያስለብስ ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እንጃ። ከተነሣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። ያስቀምጠኛልም። እግሬን ተመልከቺው፣ ዝም ብሎ ይዘላል።»

«ብርድ መትቶሽ ነው። ትናንት መስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ዓይኗ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወደተቀመጠው ባዶ ብርጭቆ ሄደ። ግርጌው ላይ የማንጎ ጭማቂ ቅሪት ይታያል። ልቧ ስንጥቅ አለ።

ይህቺን ልጅ ቤተሰቡ በሙሉ «ጉምሩክ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ «እሷ ሳትፈትሸው በዚህ ቤት የሚያልፍ ዕቃ የለም» ብላ። ልጅቷም ስሙን አልጠላችውም፤ ዘመድ ሲመጣ በር ላይ ቆማ «ምን ይዛችኋል? ክፈቱ!» እያለች ታስቃለች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዳቦ ሲገዛ ፌስታሉን ታገላብጣለች። ወተት ሲመጣ ክዳኑ ተነካክቶ እንደሆነ ትመረምራለች። ውሃ ለመጠጣት ብርጭቆውን አጥባ፣ ደግማ አጥባ፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ጨምሮበት ቢሆንስ? ማን? ለምን? እሷም አታውቅም። ፍርሃቱ ከንቱ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ እያወቀች ግን መተው አትችልም። ከሰው ቤት መብላት አቆመች፤ ቀጥሎ ከጓደኞቿ መቅመስ አቆመች፤ በመጨረሻ ከእናቷ እጅም መቀበል አቃታት። ከስታ ከስታ አጥንቷ ሲወጣ ነው ወደ ሐኪም የተወሰደችው።

«ኦሲዲ ይባላል» አለቻቸው ሐኪሟ። አባዜ እንደማለት ነው። ክፉ ሐሳብ ይመጣል፣ ሐሳቡን ለማስታገሥ ትፈትሻለች፣ በፈተሸች ቁጥር ሐሳቡ ይበልጥ ይደፍራታል። መድኃኒት ታዘዘላት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ታገሡ ተባሉ። የምክር ባለሙያም ተመደበችላት፤ እሷ ደግሞ የቤት ሥራ ሰጠች። በየቀኑ እናት ከልጇ ዓይን ተሰውራ አንድ ብርጭቆ መጠጥ ታዘጋጃለች፤ ልጅ ሳትፈትሽ፣ ሳትጠይቅ ትጠጣለች። «ምንም አልጨመርሽበትም አይደል?» ብላ ብትጠይቅም እናት አታረጋጋትም። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ «ይሄን ጥያቄ አልመልስም።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅሶ ነበሩ። ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ ትቀመጣለች፣ እናትየው ወጥ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ አፍና ታለቅሳለች። እየዋለ እያደረ ግን አንድ ቀን ጉምሩክ ብርጭቆውን ተቀበለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። «በቃ! አለፈ! ቀረጥም አልከፈለም!» ብላ ብርጭቆውን ገልብጣ አሳየቻት። ልብስ ሰፊዋ የዚያን ዕለት እንደ ልጅ ዘለለች።

ታዲያ ይህን አይታ፣ እንዲህ ደስ ብሏት፣ ምን ነካት? እናት ናት፤ ቸኮለች። የመልቀቂያ ፈተናው ደረሰ፤ ልጅቷ ደግሞ በመድኃኒቱ ምክንያት ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። አንድ ቀን ደህና ውላ በማግሥቱ እጇን ስትፈትግ ትውላለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? በዚህ መሀል ነው የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት፣ ያቺው ስም አውጪ አክስት የገባችበት።

ታላቅ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ፀጉር ቤት ደግሞ ከፀጉር ይልቅ ወሬ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ የማይነሣ በሽታ፣ የማይገኝ መድኃኒት የለም። አንድ ቀን እህትየው የደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያ ሥር አስገብታ ልብስ ሰፊዋን ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«እስከ መቼ ነው ልጅቷን በኬሚካል የምታደነዝዣት? እዪው፣ ይሄ ከአበባ ነው» ብላ አንዲት ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ወረቀቱ ላይ ቢጫ አበባ ተሥሎበታል። «ደንበኛዬ ናት ያመጣችልኝ። የእሷ ልጅ ድብርት ይዟት አልጋ ላይ ወድቃ፣ በዚህ ነው ሰው የሆነችው።»

«እትዬ፣ ሐኪሟን ሳልጠይቅማ...»

«ሐኪም ምን ልትልሽ? የራሷን ገበያ ልትዘጋ ነው? ደግሞስ ይሄ መቼ መድኃኒት ሆነና! አበባ ነው እኮ አንቺ። አበባ ማንን ገደለ?»

«እሷስ እሺ ትላለች? ጠርሙሱን ስታይ ጉድ ይፈላል። ጽሑፉን ስታነብ፣ በስልክ ስትፈልግ ትከርማለች።»

ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታዲያ ማን አሳያት? በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ሳታይ ትጠጣ የለ?»

ይህን ያለችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ ያደረገችው ግን ልብስ ሰፊዋ ናት። ጠርሙሱን የልብስ ቁልፍ በሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ቀበረችው። ጠዋት ጠዋት ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን በማንጎው ውስጥ ታማስለዋለች፤ ማንጎ ወፍራም ስለሆነ ጣዕሙን ይሸፍነዋል። ልጅቷ እንደ ልማዷ «ምንም አልጨመርሽበትም አይደል?» ትላለች፤ እናት «ይሄን ጥያቄ አልመልስም» ትላለች። የምክር ባለሙያዋ ያወጣችው ሕግ ለመደበቂያ ተመቻት። መጀመሪያ ሰሞን ይህን የምትለው ፊቷን አዙራ ነበር፤ ኋላ ግን ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ለውጥ አላየሁም ብላ ብትደውል እህቷ የድምፅ መልእክት ላከችላት። «ኧረ እጥፍ አድርጊላት! የአንቺ እጅ መቼም ሲሰስት ነው የሚያድር!» እጥፍ አደረገችው። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል የሚለውን ተረት ከማንም በላይ የምትተርተው እሷ ራሷ ነበረች፤ የዚያን ጊዜ ግን ትዝም አላላትም።

አሁን ልጅቷ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ቀብራለች። «እማ፣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው። ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ፈራሁ።»

«ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለች እናት። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ቦርሳዋን አነሣች። ከበር ተመለሰችና የቁልፉን ቆርቆሮ ከፈተች። እጇ ከቁልፎቹ ሥር ገብቶ ሲወጣ ቡናማዋን ጠርሙስ ይዟል። ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ዚፑን ዘጋች።

ታክሲው ውስጥ ልጅቷ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። እግሯ አሁንም ይዘላል፤ እናትየው በመዳፏ ጉልበቷን ጫን ብታደርገውም አልቆም አለ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ የኔ እናት።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ተይው። አባዜው ነው። ጭማቂው ላይ... አይ፣ አልጠይቅም። ይሄን ሁሉ ደክሜ የቤት ሥራዬን አላበላሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። አሁን ልንገራት አለች በልቧ። ሹፌሩ አለ፣ ሲደርሱ እነግራታለሁ አለች። ሲደርሱ ደግሞ ሰው ብዙ ነበር። ለመናገር ያልፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ድካም ያጠላበት፣ ነገር ግን ሲጠይቅ ሰው ፊት የሚያይ። የልጅቷን ትኩሳት ለካ፣ የልብ ምቷን አዳመጠ፣ በትንሽ መዶሻ ጉልበቷን መታ ሲያደርገው እግሯ ተስፈነጠረ። ዓይኖቿን በባትሪ አየ።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ልጅቷ የመድኃኒቷን ስም፣ መጠኑን፣ የምትውጥበትን ሰዓት ሳይቀር ነገረችው።

«ጎበዝ። ከሱ ሌላስ? የራስ ምታት ክኒን፣ ቫይታሚን፣ የምግብ ማሟያ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ሰው የሰጠሽ ነገር?»

«ምንም!» አለች ልጅቷ፤ በዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ መሀል ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ዶክተር፣ እኔን አያውቁኝም። ቤት ውስጥ ስሜ ጉምሩክ ነው። ያላነበብኩት ነገር በአፌ አይገባም። ከጭማቂው በስተቀር፤ እሱም የምክር ባለሙያዬ የሰጠችኝ የቤት ሥራ ነው። እማዬ ናት የምታዘጋጀው።»

ሐኪሙ ወደ እናትየው ዞረ። ልብስ ሰፊዋ የቦርሳዋን ዚፕ ጨብጣ ወለሉን ታያለች። የዚህች ልጅ ቃል ደግሞ የሚያስተማምን ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ «ምንም አልወሰድኩም» ሲል ሊታመን የሚገባው ሰው ቢኖር እሷ ናት። ሐኪሙም አመናት።

«ፈተና ደርሷል አይደል?» አለ እየጻፈ። «እንግዲህ የሆድ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ ደም እንመረምራለን። ጭንቀቱ አገርሽቶም ይሆናል። ለሐኪምሽ እደውልላትና ምናልባት የመድኃኒቱን መጠን ከፍ...»

«አይሆንም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጊዜ... ውጭ ላናግርዎት።»

ልጅቷ ከትራሷ ቀና አለች። «ምንድነው እማ? እዚሁ ተናገሪ።»

«መጣሁ የኔ እናት። መጣሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ትጎትታለች። ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሱን አውጥታ ለሐኪሙ ሰጠችው። ማብራራት አልቻለችም። «ይሄን... በጭማቂው ውስጥ... አበባ ነው ብለውኝ ነው። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደግሞ እጥፍ አድርጌዋለሁ። እሷ አታውቅም። አፈር ልብላ ዶክተር፣ እሷ ምንም አታውቅም።»

ሐኪሙ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ደግ ነው የነገሩኝ» አለ። «ይሄ አበባ ከልጅዎ መድኃኒት ጋር አብሮ አይሰጥም። መድኃኒቷ አንጎል ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል፤ አበባውም ያንኑ ነው ከፍ የሚያደርገው። ሁለቱ ሲደራረቡ ከልክ ያልፋል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የልቧ ምት፣ ሆዷ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።»

«አበባ አይደለም እንዴ? ተፈጥሮ ነው ሲሉኝ...»

«ተፈጥሯዊ ነው ማለት ደካማ ነው ማለት አይደለም እናቴ። ይሠራል ብለው አይደል የሰጧት? ከሠራ ደግሞ ሊጎዳም ይችላል።»

«ትሞትብኛለች?»

«ጊዜው ሳያልፍ ነው የመጣችሁት። ይሄን ነገር ከዛሬ ጀምሮ አትነካም። ፈሳሽ እንሰጣታለን፣ የሚያረጋጋት ነገር እንሰጣታለን፤ እዚሁ ተኝታ እንከታተላታለን። የራሷን መድኃኒት በተመለከተ ከሐኪሟ ጋር እንነጋገራለን፤ እናንተ በራሳችሁ እንዳታስቆሟት፣ እሱም ሌላ ጣጣ አለው።» ወደ ክፍሉ ሊመለስ ሲል ቆም አለ። «ልጅቷ ማወቅ አለባት። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢሰጣት ራሷን እንድትጠብቅ። ከመድኃኒትሽ ጋር የማይስማማ ነገር ሰውነትሽ ውስጥ ገብቷል ብዬ እኔ ልነግራት እችላለሁ። በማን እጅ እንደገባ ግን የእርስዎ ነው።»

እህትየው ተደውሎላት የመጣችው ልጅቷ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሎላት፣ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ነው። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ጣቶቿ በፀጉር ቀለም እንደጠቆሩ ነው። ኮሪደሩ ላይ ነገሩን ስትሰማ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት! ምን ቁርጥ አድርጎኝ ይሄን አፌን ከፈትኩት!»

«ተይ እትዬ፣ አልሞተችም፤ አታሟርቺ። ካፕሱሉን የከፈተው የኔ እጅ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ጠረገች። «አሁን ገብቼ እነግራታለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ክንዷን አፈፍ አደረገቻት። «ምን ልትያት?»

«ያደረግኩትን።»

«አብደሻል? ስሚኝ እስቲ። ሐኪሙ አበባው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም ብሏል አይደል? በቃ ቆመ! የሆድ ቫይረስ ነው በያት። ይቺ ልጅ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ይሄንኑ ነው። ጭማቂሽ ውስጥ ሰው የሆነ ነገር ይጨምርብሻል፣ ልክ ነበርሽ ልትያት ነው? ያውም እናትሽ ናት ልትያት? ከዚህ በኋላ ከማን እጅ ትበላለች? ንገሪኛ፣ ከማን እጅ?»

እህትየው የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ለዚህ ነው ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ ያለችው። ልጇ ብርጭቆውን ገልብጣ «አለፈ!» ያለችበት ቀን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ያንን ቀን በገዛ አፏ ልታፈርሰው ነው። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ልጅቷ ትድናለች፤ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ማንጎው ማንጎ ብቻ ይሆናል። ከእንግዲህ ምንም ላትጨምር በልጇ ሕይወት ትምላለች። ማን ያውቃል? ማንም።

ከዚያ የታክሲው ነገር ትዝ አላት። «አይ፣ አልጠይቅም» ያለችው።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ጠዋት ሰውነቷ እውነቱን ነግሯታል። ጠርጥራ ነበር። ጠርጥራ ደግሞ 'አባዜው ነው' ብላ ራሷን ገሠጸች፤ እኔ እያወቅኩ፣ አጠገቧ ተቀምጬ። አሁን ቫይረስ ነው ካልኳት፣ የገዛ ሰውነቷንም እንዳታምን ነው የማደርጋት። እኔን ባታምነኝ ይሻላል።»

ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን አውልቃ አጣጠፈችው፣ ደግሞ ፈታችው።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ነርስ የአጎራባቹን አልጋ አንሶላ ትቀይራለች። ልጅቷ ትንሽ ተረጋግታለች፤ ላቧ ቀንሷል፤ እጆቿ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሐኪሙ የማይስማማኝ ነገር ገብቷል አለኝ» አለች ልጅቷ። «በምን? አልኩት። እናትሽን ጠይቂ አለኝ።»

«በጭማቂው ነው።»

«ማንጎው ተበላሽቶ?»

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ የጨመርኩበት። ከአበባ የሚሠራ ዱቄት ነው፤ ለሚጨነቅ ሰው ይረዳል ሲሉኝ። አንቺን ሳልጠይቅ፣ ሐኪምሽንም ሳልጠይቅ። በየቀኑ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፤ ካቆመች እንደማትቀጥል ታውቅ ነበር።

ነርሷ አንሶላውን ስታራግፍ ብቻ ይሰማል።

«ይሄን ጥያቄ አልመልስም ስትዪኝ...»

«አዎ።»

«እየጨመርሽበት ነበር?»

«አዎ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ደስ የማይል፣ አጭር ሳቅ። «አይ ጉምሩክ! ስንቱን ፈትሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያሳለፍኩት አንድ ዕቃ ቢኖር እሱ ኮንትሮባንድ ሆኖ ተገኘ።» ከዚያ አገጯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እየሞትኩ ነበር እኮ የምጠጣው እማ። በየቀኑ። እናቴ ናት፣ እናቴ ናት እያልኩ ነበር የምውጠው።»

ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ትንሽ ሆነባት። «ፈርቼ ነው። መድኃኒቱ አልሠራልሽ ብሎ፣ ፈተናው ደርሶ...»

«እየሠራ ነበር!» ልጅቷ ጮኸች፤ ነርሷ ዞር አለች። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እየሠራ ነበር። ይሄ አበባሽ ሳይመጣ በፊት ነው፤ ትምህርት ቤት ከጓደኛዬ ብስኩት ተቀብዬ በላሁ። ሳላገላብጠው። ሌላ ቀን ደግሞ ደገምኩት። ለውጤት ቀን ላስገርምሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። በሩ አጠገብ ያለችው አክስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ እየዳነች ነበር፤ እነሱ ሁለቱ ግን አላዩትም።

«አክስትሽን እንዳትጠዪ» አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። «ሐሳቡን ሰው ያመጣል፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ማንንም አልጠላሁም። ደክሞኛል።» ልጅቷ ጣሪያውን አየች። «ከእንግዲህ ለኔ የሚሰጥ ነገር ካለ፣ ቅጠልም ይሁን ቫይታሚን፣ ሐኪሜ ታየዋለች። እኔም አየዋለሁ። የፈለገ አባዜ ነው ይበል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበዪኝ። ማይልኝ።»

«በአንቺ እምላለሁ።»

ነርሷ አንሶላውን ጨርሳ ስትወጣ ከጋሪዋ ላይ አንድ የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ አንሥታ ልጅቷ እጅ ላይ አኖረችላት። «ብዙ ጠጪ እሺ? ፈሳሽ ያስፈልግሻል» ብላ በሩ ላይ ወረቀቷን መሙላት ጀመረች።

ልጅቷ ውሃውን ያዘችው። አገላበጠችው። ከላይ እስከ ታች ጽሑፉን አነበበች፤ ክዳኑ ሥር ያለውን ቀለበት በጥፍሯ እየነካካች ዞረችው። እናቷ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተይ እንጂ፣ ምን ተባብለን ነበር?» ትላት ነበር፤ ዛሬ ያንን የምትልበት አፍ የላትም። በልጅቷ ፊት ላይ የዱሮው ፍርሃት መጥቶ እንደሆነ ለማየት ብትሞክር አልለይ አላት።

ልጅቷ ክዳኑን ልትከፍት ሞከረች። ጣቶቿ ተንሸራተቱ። በአንሶላው ጠርዝ ጠቅልላ ሞከረች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት የለውም። አክስቷ «አምጪ ልክፈትልሽ» ብላ አንድ እርምጃ ስትራመድ ልጅቷ በዓይኗ አስቆመቻት። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ከንፈሯን ላሰችው።

በሩ ላይ ወዳለችው ነርስ አየች። ብትጠራት ትመጣለች፤ ነርስ ናት፣ ሥራዋ ነው፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የላትም። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደተቀመጠችው እናቷ አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት።

ውሃውን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«እያየሁሽ ክፈቺው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የሹራቧን ሁለቱንም እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ውሃውን ተቀብላ፣ በልጇ ዓይን ፊት ከፍ አድርጋ ከፈተችው።